የልጆችና የታዳጊዎች ሪያሊስቲክ ልብ ወለድ፡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ አስተማሪዎችና መጻፍ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የሚሄደው።

ሪያሊስቲክ ፊክሽን ምንድነው? እውነተኛ ታሪክ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው። ሰዎቹም ታሪኩም የተፈጠሩ ናቸው፣ ግን የሚሆነው ነገር ሁሉ በዚህ ዓለም በማንኛውም ቀን ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። አስማት የለም፣ የሚያወራ ጅብ የለም፣ ልጁን ከችግር ሊያወጣ ከሰማይ የሚወርድ መልአክም የለም። የቤት ኪራይ ጨምሮ ቤተሰቡ ከሰፈሩ ሲለቅ፣ የልብ ጓደኛዋ ድንገት ስትዘጋት፣ እናት አረብ ሀገር ሄዳ ልጅ አያቱ ጋር ሲቀር፣ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ በእረፍት ሰዓት የሚቆምበት ቦታ ሲያጣ፣ ታሪኩ እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ከሚባለው ጋር ነው። ለምሳሌ የሊንዳ ሱ ፓርክ "ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር" (2010፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተነሳው ሳልቫ ዱት ከሚባል የእውነት ሰው ልጅነት ነው። ልጁ በ11 ዓመቱ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በእግሩ ኢትዮጵያ ይገባል፣ ኢታንግ ካምፕ ዓመታት ይቆያል፣ በ1991 ደሞ ከዛ ተባርሮ የጊሎን ወንዝ ይሻገራል። ይሄ ሆኗል። ጎን ለጎን የምትተረከው ኒያ የምትባል ውሃ ቀጂ ልጅ ግን የተፈጠረች ናት። እውነትና ፈጠራ እንዲህ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ደራሲው የቱ የቱ እንደሆነ እስከነገረን ድረስ ችግር የለውም።

ልጄ በተረት ነው ያደገው፣ ያ አይበቃውም?

ተረት ሲነካብኝ አልወድም፣ አባባ ተስፋዬን እየሰማን ነው ያደግነው። ግን ተረት የሚሠራውና ይሄ የሚሠራው ሥራ ይለያያል። ተረት ውስጥ ሰውየው ስም እንኳን የለውም፣ "አንድ ሰውዬ ነበር" ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ ጅብ ሁሌ ሞኝ ነው ጦጣ ሁሌ ብልጥ ናት፣ መጨረሻ ላይ "ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ" ተብሎ ይዘጋል፣ ልጁም ይተኛል።

ልጅ ወደ አስር ዓመት ሲጠጋ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የምሆነው? የሚል። ወንድሙ ላይ የሚቀናው እሱ ብቻ ነው ወይ፣ አባቷ ሰክሮ ሲገባ የምታፍረው እሷ ብቻ ናት ወይ፣ ጓደኛው ሲሰደብ ዝም ያለው እሱ ብቻ ነው ወይ። ይሄን ጥያቄ እናቱን አይጠይቅም፣ ጓደኛውንማ ጭራሽ አይጠይቅም። አንድ እንደሱ ዝም ያለ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ ነው መልስ የሚያገኘው፣ ያ ልጅ ደሞ ስም ያለው፣ ሰፈር ያለው፣ ግማሽ ጥሩ ግማሽ መጥፎ የሆነ መሆን አለበት።

ለስንት ዓመት ልጅ ነው? ሚድል ግሬድና ያንግ አደልት የሚባሉትስ?

አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ አሳታሚዎች ሚድል ግሬድ የሚሉት ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት ነው፣ በኛ በግምት ከ2ኛ እስከ 6ኛ ክፍል መሆኑ ነው። ያንግ አደልት ደሞ ከ12 እስከ 18። ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ሚድል ግሬድ ውስጥ የልጁ ዓለም ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጓደኛ ነው፣ የሚፈልገውም እዛ ውስጥ ቦታ ማግኘት ነው። ያንግ አደልት ውስጥ ደሞ ልጁ ከዛ ለመውጣት ነው የሚታገለው፣ ፍቅር ይጀምራል፣ ከወላጅ ጋር ይጋጫል፣ እኔ ማነኝ የሚለው ይመጣል። በርዝመት ሚድል ግሬዱ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሺህ ቃል ይሆናል፣ ያንግ አደልት ከ50 እስከ 80 ሺህ። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም በኛ ከዚህ ያንሳል።

መጽሐፍ ስትመርጡ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር፣ ልጆች ከነሱ አንድ ሁለት ዓመት ከፍ ስላለ ልጅ ማንበብ ይወዳሉ። የ10 ዓመት ልጅ የ12 ዓመት ገጸ ባህሪ ስጡት፣ የ8 ዓመት ከሰጣችሁት ናቁኝ ብሎ ነው የሚወስደው።

ያንግ አደልት ዛሬ ያለውን መልክ እንዲይዝ መንገድ ከጠረጉት አንዷ ደሞ ራሷ ልጅ ነበረች። ኤስ ኢ ሂንተን ኦክላሆማ ቱልሳ ከተማ "ዘ አውትሳይደርስ"ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ነበረች፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ በሀብታምና በድሀ ልጆች መሀል የነበረውን ጠብ ነው የጻፈችው። ስሟ በአጭሩ ፊደል ብቻ የወጣው ሴት መሆኗን ያወቁ ሃያሲዎች እንዳይንቁት ተብሎ ነው። ስለዚ "ገና ልጅ ነኝ መጻፍ እችላለሁ ወይ" እያላችሁ የምትጠይቁኝ መልሱ እሱ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ልጆች የተጻፈ አለ?

አለ፣ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ የጻፉትም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። በጣም የሚታወቀው የኤልዛቤት ሌርድ "ዘ ጋርቤጅ ኪንግ" ነው (2003)፣ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚገናኙ ሁለት ልጆች ታሪክ ነው፣ ማሞ ምንም የሌለው ልጅ ነው ዳኒ ደሞ ከሀብታም ቤት አባቱን ፈርቶ የጠፋ። ደራሲዋ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ አስተምራለች፣ በኋላም ተመልሳ ክልል ለክልል ዞራ ተረት ሰብስባለች፣ ስለዚ ከተማዋን ከቱሪስት በላይ ነው የምታውቀው። በዕድሜ ትንሽ ዝቅ ላሉት ደሞ "ዘ ፋስተስት ቦይ ኢን ዘ ወርልድ" (2014) አላት፣ ሰሎሞን የሚባል ሩጫ የሚወድ የ11 ዓመት የገጠር ልጅ ከአያቱ ጋር በእግር አዲስ አበባ ይመጣል። ከፍ ላሉት የቤንጃሚን ዘፋኒያ "ሪፊውጂ ቦይ" (2001) አለ፣ ዓለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኤርትራዊት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጦርነት ሲጀመር አባቱ እረፍት ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና እዛው ትቶት ይመለሳል። ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ ደሞ "ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ" (1998) ላይ በ1980ዎቹ ወደ ሱዳን የሚሰደዱ ሁለት ልጆችን አገናኝታለች፣ አንዷ ቅማንት ናት አንዷ ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ። እስራኤል ያላችሁ ቤተሰቦች እሱን ብታዩት ከወላጆቻችሁ ጉዞ ጋር ታገናኙታላችሁ።

ሁሉም ደህና መጻሕፍት ናቸው፣ ቅሬታዬ ሲደመሩ በሚሰጡት ምስል ላይ ነው። ጎዳና፣ ስደት፣ ሩጫ፣ ጦርነት። ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእህቷ ጋር በስልክ ቻርጀር የምትጣላዋ የ7ኛ ክፍል ልጅ የለችም። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1990 መጽሐፍ ለልጅ መስኮትም መስታወትም ነው ብላ ነበር፣ በመስኮት የሌላውን ታያለህ በመስታወት ራስህን። የኛ ልጆች መስኮት ሞልቷቸዋል፣ የኒውዮርክ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ሁሉ ያውቃሉ።

በአማርኛ ለምን አጣን?

ጭራሽ የለም አይባልም፣ ግን መሀሉ ባዶ ነው። ለትንንሾቹ በሥዕል የታጀበ ተረት አለ፣ ለአዋቂ ልብ ወለድ አለ፣ ልጅ ከአስር ዓመት በኋላ በቀጥታ ወደ አዋቂው ይዘላል። ብዙዎቻችን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበብነው ገና አፍላ ልጆች ሆነን ነው፣ ካልሆነም ታላቅ ወንድም ትራስ ስር የተገኘ የትርጉም የስለላ መጽሐፍ። አልጎዳንም፣ ግን ስለኛ ዕድሜ የተጻፈ ምንም አላነበብንም ማለት ነው።

ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አንደኛው ብር ነው። ወረቀት ውድ ነው፣ ደራሲ ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ነው የሚያሳትመው፣ ወላጅ ደሞ መጽሐፍ ቤት ገብቶ የሚገዛው አጋዥ መጽሐፍና ያለፉ ዓመታት ፈተና ነው፣ ልብ ወለድ የያዘ ልጅ "ጥናትህን ጨርሰሃል?" ይባላል። ሁለተኛው ለልጅ መጻፍ እንደ ትንሽ ሥራ መታየቱ ነው። ቢሆንም የሠሩ ሰዎች አሉ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ተመልሶ መጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ሀዋሳ አካባቢም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ይሄድ ነበር። ልጆቹ እንደሚያነቡ በዛ ታይቷል፣ የጎደለው የሚነበበው ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ አብርሆትንና ወመዘክርን የመሳሰሉ ቤተ መጻሕፍት እዩ፣ ከዛ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ጋ ሂዱና ሽፋኑን ሳይሆን የመጀመሪያውን ገጽ እያነበባችሁ ምረጡ።

ልጄ አማርኛ ይሰማል ግን ፊደል አይለይም፣ ውጭ ነው ያደገው። ምን ላድርግ?

አንብቡለት። 12 ዓመቱ ቢሆንም አንብቡለት፣ ትልቅ ልጅ ይነበብለታል ወይ አትበሉ። ፊደሉን ለብቻው ጎን ለጎን አስተምሩት፣ 231 ፊደል እስኪያልቅ ታሪክ መጠበቅ የለበትም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ውጭ ላደገ ልጅ ሪያሊስቲክ ታሪክ ከተረት ይቀለዋል። ቤት ውስጥ የሚሰማው አማርኛ "ብላ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ለአክስትህ ደውልላት፣ ማን ጋ ነበርክ" የሚል ነው፣ ይሄ ሁሉ ሪያሊስቲክ ታሪክ ንግግር ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ተረት ግን ንጉሥ፣ ባላምባራስ፣ ጎተራ፣ ሞፈር ቀንበር እያለ ይሄዳል፣ በየመስመሩ ስታስረዱት ታሪኩ ይጠፋል። ንግግር የበዛበት ምረጡ፣ ከዛ አንዱን ሰው እሱ ይሁን ሌላውን እናንተ። እንግሊዝኛም ሆነ ዕብራይስጥ እየቀላቀለ ከመለሰላችሁ እለፉት፣ አታርሙት፣ እርማት የበዛበት ልጅ ዝም ነው የሚለው።

ሞት፣ ፍቺ፣ በሽታ ያለበት መጽሐፍ ለልጅ ይከብዳል፣ ለምን አሳዝነዋለሁ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። እስቲ እኛ ጋ ሰው ሲሞት ልጅ ምን እንደሚባል አስቡት። በር ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ወጥ ይዞ ይገባል፣ ልጁን ደሞ "አባባ ውጭ ሀገር ሄዷል" እንለዋለን። ልጁ አያምነንም፣ ግን እኛን ላለማሳዘን ያመነ ይመስላል፣ አንዳንዱ ይሄን ለዓመታት ተሸክሞት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሀዘን ያለበት መጽሐፍ ሲያነብ አዲስ ሀዘን አይጨመርበትም፣ ያለውን የሚያወራበት ነገር ነው የሚያገኘው።

ካትሪን ፓተርሰን "ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ"ን የጻፈችው የትንሽ ልጇ ጓደኛ በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው፣ ልጇ ለምን ብሎ ሲጠይቃት መልስ አጥታ። መጽሐፉ በ1977 ወጣ፣ በ1978 ኒውቤሪ የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አገኘ፣ ሞት አለበት ተብሎም በተደጋጋሚ ከትምህርት ቤት ይውጣ ተብሏል። ሁለቱም የሆነው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፣ ሞቱን አላለሳለሰችውም።

ግን መድኃኒት አታድርጉት። ቀብር በወጣ በሳምንቱ ስለ ሞት መጽሐፍ ይዞ መምጣት ልጁን ማስጨነቅ ነው። ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ መኖሩን ይወቅ፣ ሲፈልግ ያነሳዋል። እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት፣ ሲጠይቃችሁ "አላነበብኩትም" ማለት አይመችም።

ወሲብ፣ ጫት፣ ስድብ ካለበትስ? እንዴት ነው የማጣራው?

ያንግ አደልት ላይ ሊኖር ይችላል፣ ሚድል ግሬድ ላይ ብዙም አይኖርም። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንደ ፊልም ሽፋኑ ላይ የዕድሜ ምልክት የለውም። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ስሙን ብትፈልጉ ስንት ዓመት እንደሚመከርና ምን ምን እንዳለበት ይነግራችኋል። የአማርኛ ከሆነ ራሳችሁ ናችሁ፣ መጀመሪያውን ሁለት ምዕራፍና የመጨረሻውን ሲሶ አንብቡ፣ ከባዱ ነገር የሚመጣውም ደራሲው ምን እንዳደረገበት የሚታየውም እዛ ነው።

እኔ የምመዝንበት፣ ነገሩ መኖሩን ሳይሆን ቀጥሎ ምን እንደመጣ ነው። ልጁ ጫት ቃመ፣ እሺ፣ ከዛስ? ደራሲው እያስጎመጀ አልፎት ከሄደ አልሰጥም። የተበደረው ብር፣ ያልተኛበት ሌሊት፣ ለእናቱ የዋሸው ውሸት አብሮ ከመጣ እሰጣለሁ። ቲክቶክ ላይ በቀን የሚያዩትማ ከዛ የባሰ ነው፣ እሱም ቀጥሎ የመጣውን አያሳያቸውም።

ታሪኩ ምን ያስተምራል? ምክር ከሌለው ጥቅሙ ምንድነው?

የኛ ሀገር ወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፣ አልፈርድም፣ እኛም "ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ" እየተባልን ነው ያደግነው። ግን ልጅ ምክር ከሩቅ ይሸተዋል። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ መጥቶ "አየህ ልጄ..." ማለት ሲጀምር ገጹን ይገለብጣል፣ አዋቂም ይገለብጣል እኮ።

ታሪኩ የሚያስተምረው ልጁ የመረጠው ነገር ምን እንዳስከፈለው በማሳየት ነው። ሌባ ያልሆነች ልጅ ሌባ ስትባል ጓደኛዋ አይታ ዝም ካለች፣ አንባቢው ያንን ዝምታ አብሯት ተሸክሞ ሦስት ምዕራፍ ከሄደ፣ ምንም ማለት አያስፈልግም።

መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ልጁ ከሚፈልገው ነገር ጀምሩ፣ ፍላጎቱም በእጅ የሚያዝ ይሁን። "ፍቅር ትፈልጋለች" አይሆንም። ለምሳሌ ማኅሌት የምትባል የ12 ዓመት ልጅ እናስብ፣ እናቷ ጅዳ ናት፣ እሷ አያቷ ጋ ነው የምትኖረው፣ እናቷ ድምፅ የምትልክላት በአክስቷ ስልክ ነው። ማኅሌት የራሷ ስልክ ትፈልጋለች። በቃ፣ ስልክ። ለምን እንደምትፈልገው ሁሉም አንባቢ ይገባዋል፣ እሷ "እናቴ ትናፍቀኛለች" ብላ አንድም ጊዜ መናገር የለባትም። ስልኩን ለማግኘት የምታደርገው ነው ታሪኩ፣ ሱቅ መላላክ፣ ለቡሄ ከወንዶቹ ጋር ሆያ ሆዬ ልጨፍር ብላ መጣላት፣ የአያቷን መቀነት መፍታት።

ሁለተኛ ነገሮች ከተለወጡበት ቀን ጀምሩ። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጸሐይ መውጣት ሁለት ገጽ አታውጡ። የ11 ዓመት አንባቢ ትዕግሥቱ አንድ ገጽ ነው። "እኔ" እያላችሁ ብትጽፉ ለጀማሪ ይቀላል፣ ግን ልጁ የማያየውን ማሳየት አትችሉም፣ ልጁ የማያውቀውን ቃልም መጠቀም አትችሉም። "እኔ" የሚለው የ10 ዓመት ልጅ "የማኅበረሰባችን ኋላቀር አመለካከት" ካለ ደራሲው ነው ያወራው።

ወላጆቹን ምን ላድርጋቸው? ልጁ ራሱ ነው ችግሩን መፍታት ያለበት ይባላል፣ እኛ ሀገር ግን ልጅ ብቻውን አይሆንም።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የውጭ መጽሐፍ ኮርጆ የሚጽፍ ሰው የሚወድቅበትም እዚህ ጋ ነው። እነሱ ጋ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል፣ ወላጅ ሥራ ነው። እኛ ጋ ልጅ ክፍል የለውም፣ ከበር ሲወጣ እትዬ እገሊት ወዴት ነው ትለዋለች፣ ባለሱቁ አባቱን ያውቀዋል፣ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ይቆጣዋል። ስለዚ ብዙዎች ወላጆቹን ገድለው ልጁን ጎዳና ያወጡታል፣ ያኔ ነፃ ይሆናል። ለዛ ነው የኛ ልጅ በልብ ወለድ ሁሌ ወላጅ አልባ የሆነው፣ በጣም ሰነፍ መፍትሔ ነው ይቅርታ አድርጉልኝ።

የአዋቂ መብዛትን ራሱን ችግር አድርጉት። ልጁ እውነቱን ያውቃል፣ ግን ለትልቅ ሰው መልስ መስጠት ነውር ነው፣ "ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል" ተብሏል፣ ስለዚ አምስት አዋቂ ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ወይ እናቱ ትሰማዋለች ግን ይሉኝታ ይይዛታል፣ ጎረቤቷን በልጅ ቃል አታስቀይምም። ወይ አያቱ ይረዱታል፣ ግን የሚረዱት በጸሎት ነው፣ እሱ ደሞ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት መግባት አለበት። አዋቂዎቹ ክፉ መሆን የለባቸውም። የአር ጄ ፓላሲዮ "ዎንደር" (2012) ውስጥ የኦጊ ወላጆች ደግ ናቸው፣ እህቱ ታስብለታለች፣ ርዕሰ መምህሩም ጥሩ ሰው ነው፣ ፊቱ ከሌላው የተለየው የ10 ዓመት ልጅ ግን ያንን የትምህርት ቤት ኮሪደር ብቻውን ነው የሚሄደው። ማንም አብሮት ሊሄድ የማይችልበትን ቦታ ካገኛችሁ እናትና አባቱን መግደል አያስፈልጋችሁም።

ልጆቹ እንደሚያወሩት ልጻፍ? የአራዳ ቋንቋ ይሁን የመጽሐፍ አማርኛ?

ንግግሩ እንደሚያወሩት፣ ትረካው ቀለል ያለ አማርኛ። "እናትየዋ ወደ ማዕድ ቤት አመራች" ብሎ የሚያስብ ልጅ የለም፣ "ኪችን ገባች" ነው። የአራዳ ቃል ግን ቆጥባችሁ፣ ምክንያቱም ቶሎ ያረጃል፣ ዛሬ ጀለስ ብላችሁ የጻፋችሁት መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ልጆቹ ጋ የአባት ቃል ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከቃሉ ይልቅ አነጋገሩን ያዙ፣ ማቋረጡን፣ "እና?" ማለቱን፣ "ምንም" ብሎ መመለሱን።

አማርኛ የሰጠን ሌላ ትልቅ መሣሪያ አለ። ልጁ አባቱን አንተ ነው የሚለው ወይስ እርስዎ? ይሄ ብቻውን ቤተሰቡን ያሳያል። የእንጀራ እናቷን እርስዎ ስትል የኖረች ልጅ አንድ ቀን ሳታስበው አንቺ ብትላት ያ ምዕራፍ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። እናት ልጇ ላይ ስትናደድ ደሞ "እሳቸው ገና መነሳታቸው ነው" ትላለች፣ እሱን የመሰለ ስድብ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል።

የማውቀው ልጅ ታሪክ ነው፣ ስሙን ቀይሬ ልጽፈው እችላለሁ?

ስም መቀየር ብቻውን ምንም አይደብቅም። አንድ እድር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "በሩ አረንጓዴ፣ እናቷ ቤሩት፣ ወንድሟ የታሰረ" ካላችሁት በኋላ ስሙን አይፈልግም። መውሰድ የምትችሉት ስሜቱን ነው፣ ሁኔታውን ቀይሩት፣ ሰፈሩን፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ ከተቻለ የደረሰበትን ነገር ራሱን። ወንድ ከነበረ ሴት አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩም ይሻላል፣ እውነቱን ከመገልበጥ ወደ መፍጠር ስለምትሸጋገሩ።

ልጁን ማስፈቀድ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ልጅ ለትልቅ ሰው እንቢ ማለት ስለማይችል እሺ ያለው ሁሉ ፈቃድ አይደለም። የራሳችሁ ልጅ ከሆነ ግን ከማንም በፊት እሱ ያንብበው። ፓተርሰን መጽሐፉን ለልጇ መታሰቢያ አድርጋ ነበር፣ ልጁ ካነበበው በኋላ ግን የሞተችው ጓደኛው ስምም አብሮ እንዲጻፍ ጠየቃት፣ እሷም ጻፈችው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ልጁ "ይሄ አይውጣ" ቢላችሁ ለመተው ካልተዘጋጃችሁ አትጠይቁት፣ መጠየቃችሁ ለይስሙላ ነው።

መጨረሻው ደስ የሚል መሆን አለበት?

ሚድል ግሬድ ላይ ልጁ ተስፋ ይዞ መውጣት አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ፣ እኔም እስማማለሁ። ያንግ አደልት ላይ ከዛ ልቅ ነው፣ ቁስሉ ሳይድን ሊያልቅ ይችላል። ተስፋ ማለት ግን ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። የማኅሌት እናት ኮንትራቷ ገና ሁለት ዓመት ከቀረው መምጣት የለባትም፣ ከመጣች አንባቢው፣ በተለይ እናቱ ያልመጣችለት አንባቢ፣ ዋሻችሁኝ ይላል። መለወጥ የሚችለው ማኅሌት ማድረግ የምትችለው ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ለእናቷ "ደህና ነኝ" ብቻ እያለች ድምፅ የምትልክ ከነበረ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ "ደህና አይደለሁም" ካለች ይበቃኛል።

የማልቀበላቸው መጨረሻዎች አሉ። ሁሉም ህልም ነበር፣ አይሆንም። ሀብታም አጎት ከውጭ መጣ፣ አይሆንም። ከሁሉ የበዛው ደሞ ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ ኤርፖርት ላይ የሚያልቀው ነው። ዲቪ የሚደርሰው ሰው አለ፣ ሪያሊስቲክ አይደለም አልልም፣ ግን ልጁ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሲታገለው የነበረውን በዕጣ መፍታት ነው። የግድ ዲቪው ይድረሳቸው ካላችሁ ምዕራፍ አንድ ላይ ይድረሳቸው፣ የልጁ ስም ፎርሙ ላይ ተሳስቶ ተሞልቶ ይገኝ፣ ከዛ ቀጥሉ።